የሳቁ ዋጋ፤ ስለ «101 ዳልሜሽን» ፊልም አሠራርና አቀባበል የቀረበ አጭር ጥናት

መግቢያ

በማኅበራችን አዳራሽ ስለ ውሾች የተሠሩ ሁለት አስቂኝ ፊልሞች በተከታታይ በታዩበት ምሽት፣ ከተመልካቹ ግማሹ እንባው እስኪወርድ ሲስቅ፣ ግማሹ ደግሞ «ለውሻ ይህን ያህል ድካም!» እያለ ራሱን ሲነቀንቅ አየን። ከትርኢቱ በኋላ የተነሣው ክርክር እስከ መኝታ ሰዓት ድረስ ስላላለቀ፣ ነገሩን በወረቀት ላይ ብናሰፍረው ለአንባቢያን ሳይጠቅም አይቀርም በማለት ይህን ጥናት አዘጋጀን።

ሁለቱም ፊልሞች አንድ ታሪክ የሚናገሩ ናቸው። የፊተኛው በ1961 ዓ.ም. በሥዕል የተሠራው፣ የኋለኛው ደግሞ በ1996 ዓ.ም. በሰዎችና በእውነተኛ ውሾች የተሠራው «101 ዳልሜሽን» ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

አስቂኝ ፊልምን ማጥናት ለአንዳንድ ሰው ራሱ ቀልድ ይመስለዋል። ነገሩ ስለ ኀዘን የተጻፈ ተውኔት ሲሆን ሁላችንም እርሳሳችንን ቀርጸን እንቀመጣለን፤ የሚያስቅ ሲሆን ግን «ልጆች ይዩት» ብለን እንተወዋለን። እኛ ግን ሳቅም እንደ እንጀራ ነው እንላለን። ለሚበላው ቀላል ነው፤ ከማሳው እስከ ምጣዱ ያለውን ድካም የሚያውቀው ግን የደከመበት ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎችን እናነሣለን። ይኸውም፤ 1ኛ/ ፊልሙ እንዴት ተሠራ? 2ኛ/ ሕዝቡ እንዴት ተቀበለው? 3ኛ/ የሳቁን ዋጋ የከፈለው ማን ነው? የሚሉት ናቸው።

ሀ/ ታሪኩ ከየት መጣ?

የታሪኩ ምንጭ ዶዲ ስሚዝ የተባለች እንግሊዛዊት ደራሲ በ1956 ዓ.ም. ያሳተመችው የልጆች መጽሐፍ ነው። ዶዲ ስሚዝ አስቀድማ የምትታወቀው በቴአትር ድርሰቶቿ ነበር። እርሷ ራሷ ዳልሜሽን የሚባሉትን ነጭ ቆዳ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባቸውን ውሾች ታሳድግ ነበር፤ የመጀመሪያው ውሻዋም ስም ፖንጎ ነበረ። አንዲት ወዳጇ ውሾቹን አይታ «እነዚህ እኮ ጥሩ የጸጉር ካፖርት ይወጣቸዋል» ብላ የቀለደችው ቀልድ ለመጽሐፉ መነሻ እንደ ሆነ ይነገራል። እንግዲህ አንባቢ ከዚህ ላይ ልብ ይበል። ታሪኩ የተወለደው ከአንድ ቀልድ ነው፤ ቀልዱም ሕይወት ያለውን ፍጥረት እንደ ልብስ ከማየት የመጣ ነው።

ፊልሙን ላላዩት ታሪኩን ባጭሩ እንናገር። በሎንዶን ከተማ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት ፖንጎና ፐርዲታ የሚባሉ ሁለት ዳልሜሽኖች አሏቸው። ፐርዲታ 15 ቡችሎች ትወልዳለች። ክሩኤላ ዴ ቪል የምትባል ባለጠጋ ሴት፣ ስሟም በእንግሊዝኛ ጨካኝነትንና ሰይጣንን ባንድነት የሚያስታውስ ነው፣ ቡችሎቹን ልግዛ ብላ ትመጣለች። አንሸጥም ሲሏት ሁለት ሌቦች ልካ ታሰርቃቸዋለች። አሳቧ ከሌላም ስፍራ ከሰበሰበቻቸው ቡችሎች ጋር ገፍፋ ካፖርት ለማሠራት ነው። ፖሊስ ፈልጎ ያጣቸውን ቡችሎች ወላጆቻቸው በሌሎች እንስሳት እርዳታ ያገኟቸዋል። የተገኙት ግን 15 ብቻ አይደሉም፤ 99 ናቸው። ሁለቱ ወላጆች ሲጨመሩ 101 ይሆናሉ ማለት ነው።

ከታሪኩ ውስጥ ለእኛ አገር ተመልካች ትርጉም የማያስፈልገው አንድ ክፍል አለ። ፖንጎ ልጆቹ በጠፉ ጊዜ ከኮረብታ ላይ ወጥቶ ይጮሃል፤ ጩኸቱንም አንዱ ውሻ ከሌላው እየተቀበለ ከከተማ እስከ ገጠር ያደርሰዋል። በባላገር ያደገ ሰው ሁሉ ሌሊት አንድ ውሻ ሲጀምር የማዶው ሲቀበለው፣ የማዶውን ደግሞ ከወንዝ ባሻገር ያለው ሲቀበለው ሰምቶ ያውቃል። «ምን ታይቷቸው ይሆን?» ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቷል። ደራሲዋ ያደረገችው ነገር ቢኖር፣ ሁላችን የምንሰማውን ጩኸት ወሬ ነው ብላ መተርጐሟ ነው። ጥሩ አስቂኝ ድርሰት ብዙ ጊዜ ከዚህ ዓይነት ከሚታወቅ ነገር ይነሣል።

ዋልት ዲስኒ መጽሐፉን ለፊልም ለማድረግ መብቱን ከገዛ በኋላ ታሪኩን እንዲያዘጋጅ የታዘዘው ቢል ፒት ነበር። በዲስኒ ኩባንያ የረጅም ፊልም ታሪክ እስከዚያን ጊዜ ድረስ በብዙ ሰዎች ጉባኤ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ይህን ግን ቢል ፒት ብቻውን ጻፈው። ከመጽሐፉም አንዳንድ ነገር ለወጠ። ለምሳሌ በመጽሐፉ ውስጥ የቡችሎቹ እናትና ፐርዲታ ሁለት ልዩ ልዩ ውሾች ሲሆኑ፣ በፊልሙ አንድ ሆነዋል። ልብ ወለድን ወደ ፊልም ለመለወጥ ለሚፈልግ ጸሐፊ ይህ ትምህርት ነው። በመጽሐፍ ሁለት ሰው ሊሸከመው የሚችለውን ነገር በፊልም አንዱ ቢሸከመው ተመልካቹ ሳይደናገር ይከተላል።

ለ/ ሥዕል እንዴት ይንቀሳቀሳል?

ወደ አሠራሩ እንለፍ። በሲኒማ ቤት ውስጥ የሚታየው እንቅስቃሴ የዐይናችን ስሕተት ነው። በአንድ ሰኮንድ ውስጥ 24 ፎቶግራፎች ስለሚያልፉብን ዐይናችን መለየት አቅቶት የሚንቀሳቀስ ነገር ያየ ይመስለዋል። የ1961ዱ ፊልም 79 ደቂቃ የሚወስድ ነው። አንባቢ እርሳሱን ያንሣና ያስላ። 24ን በ60፣ የወጣውንም በ79 ብናባዛው 113,760 ፎቶግራፍ ይሆናል።

በቀድሞው አሠራር ሠዓሊው እንስሳውን በወረቀት ላይ በእርሳስ ይሥላል። ከዚያ በኋላ ሌላ ሠራተኛ ሴሉሎይድ የሚባለውን እንደ መስተዋት የሚያሳይ ስስ ቅጠል በወረቀቱ ላይ አንጥፎ፣ የእርሳሱን መስመር በቀጭን ብዕር እየተከተለ በቀለም ይገለብጠዋል። ሦስተኛው ሠራተኛ ደግሞ ቅጠሉን ገልብጦ ከጀርባው በኩል ቀለም ይቀባዋል። በመጨረሻም ቅጠሉ ቤትና ዛፍ በተሣለበት ሰሌዳ ላይ ተነጥፎ ፎቶግራፍ ይነሣል። አንድ ሥዕል ብዙ ጊዜ ሁለት ፎቶግራፍ ስለሚያገለግል ቁጥሩ በመጠኑ ይቀንሳል። ቢሆንም በአንድ ፎቶግራፍ ውስጥ ብዙ እንስሳት ሲኖሩ ሥራው እንደገና ይበዛል።

አሁን ደግሞ ባለ ነጥብ ውሾችን እናስብ። ኩባንያው እንዳስታወቀው ፖንጎ 72፣ ፐርዲታ 68፣ እያንዳንዱ ቡችላ 32 ነጥቦች ነበሩት፤ በፊልሙ ውስጥ የተሣሉት ነጥቦችም ተቆጥረው 6,469,952 ሆኑ። ይህን በፎቶግራፎቹ ቁጥር ብናካፍለው ለአንዱ ፎቶግራፍ በአማካይ 57 ያህል ነጥብ ይደርሰዋል። ከነዚህ ነጥቦች አንዱ እንኳ ቦታውን ቢለቅ፣ በሸራው ላይ ነጥቡ በውሻው ጀርባ እንደ ቁንጫ ሲዘል ይታያል። ስለዚህ ሠዓሊዎቹ የውሻውን ነጥቦች እንደ ከዋክብት ቆጠሯቸው። አስቀድመው አንዱን ነጥብ በቦታው ያኖራሉ፤ የቀሩትን ደግሞ ከርሱ ባላቸው ርቀትና አቅጣጫ እየለኩ ያስቀምጧቸዋል። መንገደኛ በሌሊት አንዱን ኮከብ አግኝቶ የቀሩትን እንደሚያውቃቸው ማለት ነው።

ሐ/ የማባዣው መኪና

እንደዚህ ያለ ፊልም በቀድሞው አሠራር ሊሠራ የማይታሰብ ነበር። ምክንያቱም ኩባንያው በ1959 ዓ.ም. ያወጣው «የተኛችው ውብ» የተባለው ፊልም 6 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጅቶ፣ በመጀመሪያው ዙር ወጭውን ሳይመልስ ቀረ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ የሥዕል ፊልም ክፍሉ ፈጽሞ ይዘጋ የሚል አሳብም ተነሥቶ ነበር። የውሾቹ ፊልም የተጀመረው እንግዲህ በዚህ ጭንቀት ውስጥ ነው።

መፍትሔ ሆኖ የተገኘው የማባዣ መኪና ነበር። ይህን ስንናገር አንባቢ በእጁ የያዘውን መጽሔት ይመልከት። ይህ ገጽ በስቴንስል ላይ ተመትቶ፣ ቀለሙ በፊደሎቹ ቀዳዳ እያለፈ የተባዛ ነው። ያ ሌላው መኪና ግን የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ቼስተር ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1938 ዓ.ም. የፈለሰፈው ዘዴ ሲሆን፣ በኋላ ዜሮክስ በሚል ስም ታወቀ። ሰሌዳው አስቀድሞ በኤሌክትሪክ ይሞላል፤ ብርሃን ያረፈበት ስፍራ ኤሌክትሪኩን ያጣል፤ የጥቁሩ መስመር ጥላ ያረፈበት ግን እንደ ያዘ ይቀራል። ዱቄት ሲነሰነስበት ዱቄቱ ኤሌክትሪክ ባለበት መስመር ላይ ብቻ ይጣበቃል፤ በመጨረሻም ወደሚፈለገው ቅጠል ተላልፎ እንዲጸና ይደረጋል።

ይህን ዘዴ ለሥዕል ፊልም እንዲያገለግል ያደረገው አብ አይወርክስ ነው። ይህ ሰው ሚኪ ማውስ የተባለውን ታዋቂ አይጥ ከዋልት ዲስኒ ጋር ከፈጠሩት አንዱ ነበር። አዲሱ ዘዴ በ1960 ዓ.ም. በአንድ አጭር የዝሆን ፊልም ከተሞከረ በኋላ ለውሾቹ ፊልም በሙሉ ዋለ። ጥቅሙም ሁለት ነበር። አንደኛ፣ የሠዓሊው የእርሳስ መስመር በሌላ እጅ ሳይገለበጥ በቀጥታ ወደ ሴሉሎይዱ ይተላለፋል። ሁለተኛ፣ ጥቂት ቡችሎች ሲሮጡ የተሣለው ሥዕል ተባዝቶ ብዙ ቡችሎች ሊሆን ይችላል። 99 ቡችሎች በበረዶ ላይ ሲሄዱ ያየናቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን መኪናው መስመሩን ሲያስተላልፍ ጥቁርና ሻካራ አድርጎ ነበር። የእርሳሱ ጭረት ሳይቀር ይታያል። የሥዕሉ ኀላፊ ኬን አንደርሰን ይህን እንደ ጉድለት አልቈጠረውም፤ እንዲያውም ቤቱም፣ መንገዱም፣ ዛፉም በዚያው በሻካራ መስመር እንዲሠራና ሁሉም አንድ መልክ እንዲይዝ አደረገ። ቀለሙም ከመስመሩ እየወጣ በነጻነት የተቀባ ነው። ዋልት ዲስኒ ግን ይህን መልክ አልወደደውም፤ ለዘመናት የለፋው ሥዕሉ ለስላሳ ሆኖ መስመሩ እንዳይታይ ነበርና። አንደርሰንም በዚህ ምክንያት ብዙ አዘነ። ዲስኒ በ1966 ዓ.ም. ከመሞቱ በፊት ሲገናኙ የተነጋገሩትን አንደርሰን እንደ ይቅርታ ቈጥሮት እንደ ነበር በኋላ ተናግሯል።

በእኛ አስተያየት እውነቱ ከአንደርሰን ጋር ነበር። ድህነት ያመጣውን ሻካራ መስመር ሸፍኖ ለስላሳ ለማስመሰል ቢሞክር ኖሮ ፊልሙ የድሃ ሥራ በመሰለ ነበር። እርሱ ግን ሻካራነቱን የሥዕሉ ጠባይ አደረገው። መሣሪያችን ጥቂት፣ ገንዘባችን ያነሰ ለሆንነው ለኛ ይህ የሚናቅ ምክር አይደለም።

መ/ ብዕር የያዙት እጆች

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄያችን መጀመሪያ ደርሰናል። መኪናው ሥራውን ሲረከብ ሥራው የማን ነበር?

መስመሩን በብዕር የሚገለብጡት ሠራተኞች አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። በ1937 ዓ.ም. ከወጣው ከ«ስኖው ኋይት» ጀምሮ ተመልካች ያደነቀው ያ ለስላሳ መስመር የነርሱ እጅ ሥራ ነበር። ብዕሩን ሲይዙ ትንፋሻቸውን ገታ አድርገው፣ አንዱን መስመር ሳያቋርጡ ከወፍራም ወደ ቀጭን ያወርዱ ነበር። ይህ የብዙ ጊዜ ልምምድ የሚጠይቅ ጥበብ ነው፤ ሆኖም ተመልካቹ ስማቸውን አያውቅም ነበር። ዜሮክስ በመጣ ጊዜ ቀለም የሚቀቡት ሠራተኞች ያስፈልጉ ነበርና ቀሩ፤ የገልባጮቹ ሥራ ግን በብዙው ጠፋ።

ከጓደኞቻችን አንዱ «መኪናው ባይመጣ ኖሮ ክፍሉ በሙሉ ተዘግቶ ሁሉም ሥራ ያጡ ነበር» ሲል ተከራከረ። ሌላው ደግሞ «የዳኑት ስማቸው በሸራው ላይ የሚጻፈው ናቸው፤ የተሰናበቱት ስማቸው ያልተጻፈው ናቸው» ብሎ መለሰ። እኛ ሁለቱም ልክ ናቸው እንላለን። አዲስ መሣሪያ ሲገባ አንድን ሥራ ማዳኑ እውነት ነው፤ ከዳነው ሥራ ውስጥ ማን ተቈጥሮ እንደ ቀረ መጠየቅ ደግሞ የተማረ ሰው ግዴታ ነው። ማሽኑን መርገምም፣ ማሽኑን ማምለክም ከዚህ ጥያቄ አያድንም።

ከመኪናው ጋር ያልተጋጨ አንድ ጥበብም አለ። ክሩኤላን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሣላት ማርክ ዴቪስ ነበር፤ ድምፅዋን የሰጠቻት ደግሞ ቤቲ ሉ ገርሰን ናት። ክሩኤላ ስትገባ በሩ ይንቀጠቀጣል፤ አጥንቷ የወጣ ሰውነቷ በሰፊው ካፖርት ውስጥ ይዋኛል፤ የሲጋራዋ ጢስ እርሷ ከሄደች በኋላ እንኳ ከክፍሉ አይወጣም። ዴቪስ ከዚህ በኋላ የረጅም ፊልም ሥዕል ትቶ ወደ ሌላ የኩባንያው ሥራ ተዛወረ። የተሰናበተው በታላቅ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

ሠ/ የሕዝቡ አቀባበል

ፊልሙ በጥር ወር 1961 ዓ.ም. በአሜሪካ ታየ። ወጭው ከፊተኛው ፊልም በጣም ያነሰ፣ ገቢው ግን በዚያ ዓመት ብዙ ካገኙት ፊልሞች ተራ የሚያስገባው ሆነ። የሥዕል ፊልም ክፍሉም ከመዘጋት ዳነ። ተመልካቹ የወደደው ነገር የታሪኩን ፍጥነትና የክሩኤላን ጠባይ ነበር። ከዚህ ቀደም ከነበሩት ፊልሞች አንዳንዶቹ ስለ ንጉሥ ልጅና ስለ ጠንቋይ የሚናገሩ ሲሆኑ፣ ይህኛው ግን በዘመኑ ከተማ፣ ኪራይ ቤት፣ ቴሌቪዥንና አውቶሞቢል ባለበት የተሠራ ነው። ጠንቋይዋም አስማት የላትም፤ ያላት ገንዘብ ብቻ ነው። ይህ ለውጥ ትልቅ ነው።

ፊልሙ በ1969፣ በ1979፣ በ1985 እና በ1991 ዓ.ም. እንደገና ወደ ሲኒማ ቤቶች ተመልሶ በየጊዜው አዲስ ልጆች አዩት። ሻካራው መስመርም ከዚያ በኋላ በወጡት የኩባንያው ፊልሞች ላይ ለብዙ ዓመታት ቆየ፤ በመጨረሻ ኮምፒዩተር እስኪተካው ድረስ።

በ1996 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ ሁለተኛው ፊልም ወጣ። ድርሰቱ የጆን ሂውዝ፣ አዘጋጁ ስቲቨን ሄሬክ፣ ክሩኤላ ሆና የተጫወተችው ግሌን ክሎዝ ነበረች። ቡችላ ቶሎ ስለሚያድግ ለሥራው ከ200 የሚበልጡ ቡችሎች እየተለዋወጡ አገለገሉ። እውነተኛው ቡችላ ሊሠራው የማይችለውን ደግሞ በመኪና የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶችና በኮምፒዩተር የተሠሩ ውሾች ሠሩት። ፊልሙ በዓለም ሁሉ 320 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገባ።

ሐያሲዎቹ ግን እንደ ገንዘቡ አልተስማሙም። ግሌን ክሎዝን ብዙዎች አመሰገኗት። ፊልሙን ሲተቹ የተናገሩት ዋና ነገር፣ በዚህኛው ውሾቹ አይናገሩም የሚለው ነበር። እኛም ሁለቱን ጎን ለጎን ባየናቸው ጊዜ ልዩነቱን ለመረዳት አላስቸገረንም። በ1961ዱ ፊልም ታሪኩን የሚተርከው ፖንጎ ራሱ ነው፤ ሰዎቹ የርሱ «የቤት እንስሶች» እንደ ሆኑ አድርጎ ይናገራል። ሳቁ የሚመጣው ከውሻው አስተያየት ነው። ውሻው ዝም ሲል ግን አስተያየቱ ወደ ሰው ይመለሳል፤ የሚያስቀውም ሌቦቹ ጭቃ ውስጥ መውደቃቸውና መመታታቸው ይሆናል። በአንደኛው ከውሾች ጋር እንስቃለን፤ በሁለተኛው ውሾችን እያየን እንስቃለን። የተናጋሪው ማንነት የድርሰትን ጠባይ ይለውጣል የሚለው ትምህርት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያስፈልገውም።

ረ/ ከሲኒማ ቤት ውጭ የሆነው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ተመልካቹ ከሲኒማ ቤት ወጥቶ ምን አደረገ? ዳልሜሽን ገዛ!

የአሜሪካ የውሻ ዘር መዝጋቢ ማኅበር መዝገብ እንደሚያሳየው፣ ፊልሙ እንደገና በታየበት በ1985 ዓ.ም. የተመዘገቡት አዳዲስ ዳልሜሽኖች 8,170 ሲሆኑ፣ በ1993 ዓ.ም. 42,816 ደረሱ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ እንደ ወጣው ሁሉ በፍጥነት ወረደ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ከፍ ብሎ የነበረው ከ1996ቱ ፊልም በፊት ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም ጥፋት በኋለኛው ፊልም ላይ መጫን አይገባም። ደግሞም ፋሽን በራሱ ይስፋፋል፤ ጎረቤት የጎረቤቱን አይቶ ይገዛልና። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. ሦስት ተመራማሪዎች ውሻ ዋና ተዋናይ የሆነባቸውን 87 ፊልሞች መርምረው፣ የአንድ ፊልም ተጽዕኖ በሕዝቡ የውሻ ምርጫ ላይ እስከ 10 ዓመት ሊቆይ እንደሚችል አሳይተዋል።

የተገዙት ውሾች ምን ሆኑ? ዳልሜሽን ጥንት ከሠረገላ ጎን ጎን እንዲሮጥ የተራባ ውሻ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮጥ አይጠግብም፤ በትንሽ ክፍል ውስጥ ቢዘጉበት ይታወካል፤ ዕቃም ይሰባብራል። በሽንት ቧንቧው ጠጠር የሚያመጣ የተፈጥሮ ጠባይም አለበት። ከሁሉም የሚያሳዝነው ደግሞ መስማት መቸገሩ ነው። በአሜሪካ በተደረገ ምርመራ ከ100 ዳልሜሽኖች 8 ያህሉ በሁለቱም ጆሮ፣ 22 ያህሉ ደግሞ በአንዱ ጆሮ አይሰሙም። ይህም ከነጭነታቸው ጋር የተያያዘ ነው፤ ቆዳን የሚያቀልመው ሕዋስ በውስጠኛው ጆሮ ሳይኖር ሲቀር ጆሮው ይደነቁራል። ገዥው የወደደው መልክና ገዥውን ያማረረው ደንቆሮነት ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው ማለት ነው።

የዳልሜሽን አርቢዎች ማኅበርና የእንስሳት ደኅንነት ማኅበራት የ1996ቱ ፊልም ከመውጣቱ በፊት ጀምረው «ሳታስቡ አትግዙ» ብለው ሕዝቡን አስጠንቅቀው ነበር። ለልጅ የገና ስጦታ ተብሎ የተገዛው ቡችላ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ አድጎ፣ መላ ቤቱን የሚያናውጥ ጐረምሳ ሆነ። በሚከተለው ዓመት፣ በ1997፣ በአሜሪካ ልዩ ልዩ ግዛቶች ያሉ የተጣሉ እንስሳት ማቆያዎች ባለቤቶቻቸው አምጥተው የተዉአቸው ዳልሜሽኖች መብዛታቸውን አስታወቁ። በእነዚህ ማቆያዎች በዚያን ጊዜ አሳዳጊ ያላገኘ እንስሳ ብዙ ጊዜ በመርፌ ይገደል ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን አስተውል። ታሪኩ የሚያወግዘው ውሾችን ስለ ነጥባቸው የምትፈልግ ሴት ናት። ቡችሎቹ ነጭ ሆነው፣ ነጥብ ሳይኖራቸው ሲወለዱ ክሩኤላ ተቈጥታ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነጥቡ እንደሚወጣ ስትሰማ ግን ደስ አላት። ከፊልሙ ውስጥ እጅግ ብልህ የሆነው ስፍራም ውሾቹ በጥላሸት ላይ ተንከባልለው ጥቁር ውሻ መስለው የሚያመልጡበት ነው። የሚድኑት ነጥባቸው ሲሸፈን ነው። በጥላሸት ውስጥ ሁሉም እኩል ውሻ ናቸው፤ ካፖርት የሚሆንም የለ፣ የማይሆንም የለ። ይህን አይቶ ያጨበጨበው ተመልካች ወጥቶ ውሻውን ስለ ነጥቡ ገዛው፤ ነጥቡ ሲሰለቸው ጣለው። ክሩኤላ በመግደል የፈለገችውን እርሱ በመውደድ አደረገው። ሁለቱም ያዩት ቆዳውን ብቻ ነው።

ሰ/ አንድ ተቃውሞና መልሱ

ከአዳራሹ የተሰማውን «ለውሻ ይህን ያህል ድካም!» የሚለውን ድምፅ ሳንመልስ ብናልፍ ፍርሃት ይሆንብናል። ነገሩ ከንቱ ተቃውሞ አይደለም። «የሰው ልጅ ርቦት ሳለ ስለ ውሻ ካፖርት ማልቀስ የጠገበ ሰው ሥራ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ውሻም በእኛ ቋንቋ የክብር ስም አይደለም፤ «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ስንል እንኳ ታማኝነቱን ማመስገናችን ይሁን ጥቅመኝነቱን መንቀፋችን እንደ አነጋገሩ ነው።

መልሳችን ይህ ነው። አንደኛ፣ ፊልሙ ስለ ውሻ ብቻ የሚናገር አይደለም። ገንዘብ ያለው ሰው ደስ ያለውን ሁሉ «ስንት ነው?» ብሎ የመጠየቅ ልማዱን የሚያሳይ ነው። በዚያ ጥያቄ ፊት የቆመው ቡችላ ቢሆንም ሌላ ቢሆን፣ ጥያቄው አንድ ነው። ሁለተኛ፣ ልባችን እንደ ጎተራ አይደለም፤ ለውሻ የተሰፈረው ለሰው የሚጐድል አይመስለንም። የግቢውን ዘበኛ ውሻ በድንጋይ የሚፈነክት ልጅ ለሰው ሲራራ ብዙ ጊዜ አላየንም። ሦስተኛ፣ ስማቸው ሳይጻፍ ሥራቸውን ያጡት ባለ ብዕር ሴቶችና፣ መልካቸው ተወድዶ የተጣሉት ውሾች በአንድ ፊልም ታሪክ ውስጥ ጎን ለጎን መገኘታቸው በአጋጣሚ አይመስለንም። ሁለቱም የተመዘኑት በሚሰጡት ጥቅም ነው፤ ጥቅሙ ሲያልቅ ጠያቂ አላገኙም።

መደምደሚያ

በጥናታችን ያገኘነውን ባጭሩ እናስቀምጥ። በአሠራሩ በኩል፣ ችግር ያመጣው መሣሪያ በብልህ ሠዓሊ እጅ አዲስ ውበት ሆነ፤ የሌሎችን እጅ ግን ባዶ አደረገ። በአቀባበሉ በኩል፣ ሕዝቡ ፊልሙን በመውደዱ አልተሳሳተም፤ ፊልሙ ሊወደድ የሚገባው ነው። የተሳሳተው መውደድን ከመግዛት ጋር አንድ በማድረጉ ነው። ደራሲም ሆነ ፊልም ሠሪ ተመልካቹ ነገ ለሚያደርገው ሁሉ ተጠያቂ ሊሆን አይችልም፤ ቢሆንም ሥራው በዓለም ላይ ምን እንደ ሠራ መስማት አልፈልግም ሊል አይገባውም።

እኛም ነገ ከትምህርት ቤት ወጥተን ቴአትር፣ ድርሰት ወይም ፊልም የምንሠራ እንኖር ይሆናል። የአዳራሹን ጭብጨባ በሰማን ጊዜ፣ ከበሩ ውጭ የሚሆነውን ደግሞ እንድናዳምጥ ከውሾቹ እንማር። እነርሱ እንኳ ከሩቅ የመጣውን ጩኸት ሰምተው ዝም አላሉም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1ኛ/ ፖንጎ ተራኪ ባይሆን ኖሮ በ1961ዱ ፊልም ውስጥ የትኛው ሳቅ ይቀር ነበር?

2ኛ/ አዲስ የማባዣ መሣሪያ ሲገባ ሥራቸውን ለሚያጡ ሠራተኞች የሚያስብላቸው ማን መሆን አለበት? ኩባንያው፣ መንግሥት፣ ወይስ የሠራተኞች ማኅበር?

3ኛ/ ተመልካች አንድን ፊልም ስለ ወደደ የሚሠራው ጥፋት የፊልሙ ጥፋት ነውን?

ከዚህ አሳብ የሚለይ አንባቢ ቢኖር መልሱን ጽፎ ለዝግጅት ክፍሉ ይላክልን። ክርክሩ አላለቀም።